ይቺን ዳገት ብቻ

ተረት ልንገራችሁ? ንገረን በሉኛ! እንስሳት ሁሉ ብስክሌት በሚነዱበት ዘመን ነው። የአራት ቀን ጉዞ ተዘጋጀ። ማንም ማንንም ለመቅደም አይሽቀዳደምም፤ ቁም ነገሩ መጨረስ ነበር።

ሦስቱ ቀን ሜዳ ለሜዳ በጨዋታ አለፈ። በአራተኛው ቀን ዳገት መጣ።

ከፊት የነበረው ኩሩ ፈረስ ቀና ብሎ ጭልፊትን ጠየቃት። «አንቺ ከላይ ሁሉን ታያለሽ፤ ስንት ዳገት ቀረ?»

«ሰባት» አለችው እቅጩን።

ፈረስ ሰባቱን በሐሳቡ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው፤ ብስክሌቱን አቅፎ፣ የደከመውን ሊያነሳ ከኋላ የሚከተለው መኪና ላይ ተጫነ።

ይህን ያላየው አህያ እያለከለከ ደረሰና መንገድ ዳር የቆመችውን ቆቅ «እመት ቆቅ፣ ስንት ቀረኝ?» አላት።

«ደርሰሃል! ይቺን ዳገት ብቻ።»

አህያም ዳገቷን ወጣት። ከማዶ ሌላ ዳገት ተገትሯል። ቆቅም በርራ ቀድማው ግርጌው ላይ ቆማለች።

«አሁንስ?»

«ይቺን ብቻ!»

እንዲህ እያለችው ሰባቱንም ጨረሰ።

ሜዳሊያውን ባንገቱ ሲያጠልቁለት ግን ንዴቱ ገነፈለ። «ያቺን ውሸታም በእርግጫ ሳልመታት ውሃ አልቀምስም!» ብሎ እሷን ፍለጋ ሦስት ዳገት ወደ ኋላ ተመለሰ።

እዚያ በሬ ምላሱን አንጠልጥሎ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመጣ አገኘው።

«አያ አህያ፣ በእናትህ፣ ስንት ቀረኝ?»

አህያ ዞር ብሎ ሦስቱን ዳገት አየ። የሚንቀጠቀጠውን የበሬን ጉልበት አየ።

«ደርሰሃል» አለው። «ይቺን ብቻ።»

ተረቴን መልሱ፣ ላቤን አብሱ።