የሼህ ቡሽራ ጥሪኝ

በጥቅጥቅ ደን ጥግ፣ ጉም ከመስጊዱ ጣሪያ ዘግይቶ በሚነሳባት አንዲት የጥንት ከተማ፣ ሼህ ቡሽራ የሚባሉ አረጋዊ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። በቆሎ ያርሳሉ፤ ከጓሯቸው ጎጆ ደግሞ ጥሪኝ ያኖራሉ። ጥሪኝ ድመት የሚመስል የዱር እንስሳ ነው፤ ከጅራቱ ሥር የሚጠረገው ዝባድ የሚባል ቅባት ለሽቶ ይሸጣል። የአገሩ ሰው «ዓይን ይበላዋል» እያለ ጎጆውን ይደፍናል፤ ባለቤቱም በጨለማ፣ በዳበሳ ይጠርጋል።

አንድ ዓመት በቆሎውን በረዶ መታው። ለዘር እንኳ አልተረፈም። የዝባድ ነጋዴ በማግስቱ ሊመጣ ነው፤ ዝባዱ የሚጠራቀምበት ቀንድ ግን ገና ግማሽ ነው። ሼሁ ሊጠርጉ ገቡ። በረዶው ጣሪያውን ቀዶት ኖሮ ብርሃን ገብቷል። ጥሪኙ መዞሪያ በሌላት የእንጨት ማጎሪያ ውስጥ ቆስሎ ይንቀጠቀጣል። እጃቸው ቆመ።

ባለቤታቸው ኑሪያ ከደጅ ሆነው፣ «አንዴ ብቻ ይጥረጉት። ልጆቹ ምን ይዘራሉ?» አሉ።

«ቁስሉን አየሁት፣ ኑሪያ። ካየሁ በኋላ እንዴት እጠርጋለሁ?»

ማጎሪያውን ደን ዳር ወስደው ከፈቱት። ጎረቤታቸው አባ ዲኮ አይተው ሳቁ።

«ሼሃችን፣ ለአውሬም ሰደቃ ጀመሩ?»

«የወሰዱትን መመለስ ሰደቃ ይባላል እንዴ?»

ቀንዱን አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ቅቤ ቀላቅለው አልሞሉትም፤ ግማሹን እንደሆነ ሸጡት። የተገዛው ዘር የማሳውን እኩሌታ ብቻ ሸፈነ፤ ያን ክረምት ቤቱ በቀን አንዴ በላ።

መስከረም ሲጠባ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በደኑ ዳር ሲያልፉ በጉሙ ውስጥ አንድ መዓዛ ቀደማቸው። የዱር ጥሪኞች በሚታከኩበት ግንድ ላይ ዝባድ እንደ ማር ተጣብቋል። በቅጠል ጠረጉት። ከዚያ ወዲያ ያንን ደን አልመነጠሩም፤ ጥሪኞቹ ከበቆሎው ሲቀምሱም አላባረሩም።

አባ ዲኮ ቅጠሉን አይተው፣ «ይህቺ ለማን ትበቃለች?» አሏቸው።

ሼሁም፣ «ጥሪኙ የሰጠኝን እበላለሁ። የነጠቅሁትን በየትኛው ዱዓ ሐላል ላድርገው?» አሉ።

እኛ ስለ ሐላል ስንጠይቅ ስለ እርዱ ቢላዋ እንጠይቃለን፤ ከቢላዋው በፊት ስለነበረው የእንስሳው ኑሮ ግን አንጠይቅም። ሼሁ የጠየቁት እሱን ነው። የባለቤቴንና የልጆቼን የጁምዓ ልብስ ሽቶ ስቀባ፣ ይህ መዓዛ በአላህ ፊት ይመሰክርልን ይሆን ወይስ ይመሰክርብን እላለሁ፤ እጄም ጠርሙሱ ላይ ትንሽ ይዘገያል።