የእትዬ አሰለፈች የመርከብ ወንበር

እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ሰው በእጁ ያለውን መልካም ነገር ትቶ ያልተደበቀ ነገር ፍለጋ ሲበረብር ስናይ የምንላት አንዲት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ይሏታል እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቁም። እኔ ግን ስትወለድ እዚያው ነበርኩ። ትንሽ ጥፋትም አለብኝ፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ጋሽ ደግፌ የግቢያችን ባለቤት ነበሩ፤ እኔ ከጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባቡር ጣቢያ የኮንትሮባንድ ፈታሽ ሆነው ሠርተዋል። ከጅቡቲ የመጣ ጆንያ ሁሉ በእሳቸው ረጅም ብረት ሳይወጋ አያልፍም። ከዳቦ ውስጥ የእጅ ሰዓት፣ ከሕፃን አንቀልባ ውስጥ ሽቶ፣ አንዴማ ከጠረጴዛ እግር ውስጥ ወርቅ አውጥተዋል። ያቺን የወርቅ ነገር ስንቴ እንዳወሩልኝ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ጡረታ ሲወጡ ሥራው ቀረ እንጂ ዓመሉ አልቀረም፤ የገዙትን ሐብሐብ እንኳ በዚያ ብረት ሳይወጉ አይበሉም ነበር። አቦ፣ እኛም ከኋላቸው እንስቅ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ልብስ ሰፊ ናቸው። እጃቸው የተባረከ ነው፤ የከዚራን ሙሽሮች ግማሾቹን ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ኋላ ግን ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣባቸው። መጀመሪያ ክሩን እኔ በመርፌው ቀዳዳ እያስገባሁላቸው ይሰፉ ነበር። በኋላ ጨርቁም ጠፋቸው፤ የስፌት መኪናው ቆመ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «ይገፈፋል፣ ይድናሉ፤ ግን አዲስ አበባ መሄድ አለብዎ» ተባሉ። ለሕክምናው፣ ለመንገዱ፣ ለማረፊያው ከየት ይምጣ? እቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢኖር አንድ የመርከብ ወንበር ብቻ ነበር።

ወንበሩን ያመጡት የእትዬ አሰለፈች አባት ናቸው። ጅቡቲ ወደብ ጫኝና አውራጅ ሳሉ፣ ከፈረንሳይ አገር፣ ከማርሴይ ሰው ሲያመላልስ ያረጀ አንድ ትልቅ መርከብ ዕቃው ሲሸጥ ገዝተው በባቡር አመጡት። ተሳፋሪው ከመርከቡ ሰገነት ላይ እግሩን ዘርግቶ ባሕሩን እያየ የሚጋደምበት፣ የሚታጠፍ ወንበር ነው። እንጨቱ ጠይም፣ መደገፊያው በቀጭን ሸምበቆ የተጠለፈ፣ አናቱ ላይ የመርከቡ ስምና ሠላሳ አንድ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የናስ ሰሌዳ ነበረችው።

ሊሸጥ ነው መባሉን ሰምተው አንድ ጠዋት ሙሴ ስታቭሮ መጡ። ድሬ ተወልደው ድሬ ያረጁ ግሪክ ናቸው፤ እኛ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ነበር የምንለው። ጎንበስ ብለው ናሷን ደጋግመው አነበቡ። ከደረት ኪሳቸው ፎቶ አወጡ፤ አንዲት ወጣት ሴት እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተጋድማ ትስቃለች።

«እናቴ ናት። ተሞሽራ ወደዚህ አገር ስትመጣ በዚህ መርከብ ነው የመጣችው» አሉ። «ስንት ነው የምትሉት?»

እትዬ አሰለፈች ለሁለቱም ዓይናቸው የሚበቃውን፣ ለክርክሩ ደግሞ ትንሽ ጨምረው ጠሩ።

«እሺ። አሥር ሰዓት ላይ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ» ብለው ወጡ ሙሴ ስታቭሮ።

እትዬ አሰለፈች እልልታውን አቀለጡት። እኔም አብሬ እልል አልኩ። ጋሽ ደግፌ ግን ግንባራቸውን ቋጥረው ወንበሩን ይዞሩታል።

«እሺ? ሳይከራከር?» አሉ። «ድሬ ላይ ሎሚ እንኳ ሳይከራከሩ አይገዛም!»

«የእናቱ ትዝታ ነው አለህ እኮ!»

«በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እናቱን ያልጠራ ኮንትሮባንዲስት አላየሁም። ፎቶ የሚያሳየው ደግሞ ሁልጊዜም የባሰው ነው።»

«ደግፌ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ እንዳትነካው። ዓይኔ ነው» አሉ እትዬ አሰለፈች፣ ሳቃቸው ጠፍቶ።

ድሬ በቀትር ትተኛለች፤ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። እትዬ አሰለፈችም ገብተው ተኙ። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጋሽ ደግፌ ብረታቸውን ይዘው ወንበሩ ፊት ተቀምጠዋል። «ነይ ስሚ» አሉኝና መጋጠሚያውን ኳ ኳ አደረጉት። ድምፁ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ይመስላል። የሚታጠፍ ወንበር መጋጠሚያው ክፍት መሆኑን ዛሬ አውቀዋለሁ።

«ሰማሽ? ውስጡ ያለውን ነው የሚገዛው እንጂ እንጨትማ በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?»

አጥራችንን ተሻግሮ አው ሰኢድ የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። እሳቸውን ብጠራቸው ወይ እትዬ አሰለፈችን ብቀሰቅስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «እውነት ወርቅ ይኖር ይሆን?» አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወርቁን ማየት ፈልጌ ነበር። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ጋሽ ደግፌ መጥረቢያ አመጡ። የመጀመሪያው እግር ለሁለት ተከፈለ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውም ምንም።

«ደግፌ! በዚህ ሐሩር እንጨት ትፈልጣለህ?» አሉ እትዬ አሰለፈች ከውስጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

«ተኚ አንቺ!»

እጅ መደገፊያው ተከተለ፣ ከዚያ አናቱ፣ ናሷም ሥሯ እንዲታይ ተነቀለች። ፈታሽ መሀል ላይ ማቆም አይችልም፤ የተደበቀው ካቆመበት ቀጥሎ ባለው ቦታ ይመስለዋል። ሁሉም ሲያልቅ ጋሽ ደግፌ ላባቸው እየተንጠባጠበ በፍልጡ መሀል ተንበረከኩ። ያኔ ነው ሮጬ አው ሰኢድን የጠራኋቸው።

አው ሰኢድ ሁለት ስባሪ አንስተው ለማጋጠም ሞከሩ፤ መልሰው አስቀመጡት። «ወላሂ፣ ሌላ ወንበር ሥራ ካላችሁኝ እሠራለሁ። ይሄን ግን አልችልም» አሉ።

ሙሴ ስታቭሮ ልክ በአሥር ሰዓት ደረሱ። ከበሩ ሳያልፉ አዩት።

«አው ሰኢድ ሌላ ይሠሩልዎታል» አሉ ጋሽ ደግፌ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሌላ ወንበርማ እኔም ቤት አለ፣ ጋሽ ደግፌ» አሉ ሙሴ ስታቭሮ በቀስታ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

እትዬ አሰለፈች ድምፁን ሰምተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። መሬት ተቀምጠው ፍልጡን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩት።

«ምን አገኘህ?»

«ምንም» አሉ ጋሽ ደግፌ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሱ።

«እኔ ማገዶ መስሎኝ ተኝቼ! ዓይኔን ነው ለካ የምትፈልጠው።»

አው ሰኢድን እስከ በር ልሸኝ ወጣሁና «አበዱ እንዴ ጋሽ ደግፌ?» አልኳቸው፣ ጥፋቱን ሁሉ ለጋሽ ደግፌ ትቼ።

«አላበደም ልጄ። ሰው ሥራው ዓይኑ ይሆንበታል» አሉኝ። «ዕድሜውን ሙሉ ከዕቃ ውስጥ ሌላ ዕቃ ሲፈልግ ኖረ፤ ዕቃውን ራሱን አይቶት አያውቅም። አንቺስ ቆመሽ ስታዪ አልነበር?»

አው ሰኢድ ወደ ግቢው ዞረው በፍልጡ መሀል የተቀመጡትን ባልና ሚስት አዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ «ወርቅ ሲፈልግ ወርቁን ወንበር ፈለጠ» አሉ።