የማቀበል ዓመት

አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበር። ከተማውን አልናገርም፤ ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ይቅር። መጥፎ ሰዎች ግን አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምላችሁ ታሪኩን ስትጨርሱ «ክፉዎች ናቸው» ብላችሁ በቀላሉ እንዳትገላገሉ ነው።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበር። አዲስ የገባ ተጫዋች የመጀመሪያ ዓመቱ «የማቀበል ዓመት» ይባላል። የኳሶቹን መረብ ይሸከማል፣ አውቶቡስ ላይ ለታላላቆቹ ወንበር ይለቃል፣ ውሃም ሌላው ከጠጣ በኋላ ይጠጣል። ሜዳ ውስጥ ደግሞ ታላላቆቹ «ወርውር» እስኪሉት ድረስ፣ ኳስ እጁ ሲገባ ወደ ቅርጫቱ አይወረውርም፤ ከታላላቆቹ አንዱን ፈልጎ ያቀብላል። ቡድኑን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ የሚያየው መረብ መሸከሙንና ወንበር መልቀቁን ብቻ ነበር። የሜዳውን ደንብ ግን ከተጫዋቾቹ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እነሱም «ጨዋነት ነው፤ እኛም ያለፍንበት ነው» ይሉ ነበር።

ያቤጽ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደዚህ ቡድን በጋርድነት መጣ። ጋርድ ማለት ኳሱን ከኋላ ይዞ የሚመጣው፣ ጨዋታውን የሚያስጀምረው ነው። ልጁን ያገኙት አሰልጣኝ ታረቀኝ ናቸው። በትምህርት ቤቶች ውድድር በአንድ ጨዋታ ብቻ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሲያስቆጥር አይተው፣ በማግስቱ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄደው ለምነው አመጡት። በተወለደበት ከተማ ቡድን የሚባል ነገር የለም። ከዚህ ከተባረረ ኳስ መጫወቱ አበቃ ማለት ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች።

በመጀመሪያው ልምምድ ልጁ ሁለት ጊዜ ከሩቅ ወረወረ፤ ሁለቱንም አስገባ። ልምምዱ ሲያበቃ የቡድኑ አምበል አንተነህ ትከሻውን አቅፎ ወደ ዳር ወሰደው። አንተነህም ጋርድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ፣ የታመመ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚጫወት የተከበረ ሰው ነበር።

«ስማኝ የኔ ወንድም፣ እዚህ ዘንድሮ ያንተ ሥራ ማቀበል ነው። የመወርወሪያ ጊዜህ ሲደርስ እኔው ራሴ እነግርሃለሁ» አለው።

«እሺ ጋሼ» አለ ያቤጽ።

ወራት አለፉ። አንተነህ ምንም አልነገረውም፤ ልጁም አልጠየቀም። ኳስ ይቀበላል፣ ያቀብላል። ፊቱ ላይ ማንም ሳይኖር እንኳ ቆሞ ታላቅ ይፈልጋል። ደጋፊዎች መጀመሪያ ተናደዱ፤ በኋላ ግን መሳቂያ አደረጉትና «ፖስተኛው» የሚል ስም አወጡለት። «የሰው ያደርሳል እንጂ የራሱ ደብዳቤ የለውም!» እያሉ ከዳር ይጮኹበት ነበር። አሰልጣኙ ግራ ገባቸው። አንድ ቀን ለብቻው ጠርተው «ልጄ፣ ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?» ቢሉት፣ «ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ» አላቸው። እሳቸውም እያደር ያኔ ያዩትን መጠራጠር ጀመሩ።

የውድድሩ ዘመን አለቀና የዓመቱ ግምገማ ተጠራ። ተጫዋቾች፣ አሰልጣኝና ኮሚቴ በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። በዚያ ቡድን ልማድ የሚገመገመው ሰው ከወንበሩ ይነሳል፤ ስለ እሱ የሚባለውን ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ተጫዋቾቹ በሚያድሩበት ካምፕ ውስጥ ያለው አልጋ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አንድ ረጅም ተጫዋች ከሌላ ክለብ ሊመጣ ስለተስማማ፣ ከሁለቱ ጋርዶች አንዱ መሰናበት ነበረበት። ወይ አንተነህ፣ ወይ ያቤጽ።

መጀመሪያ የተነሳው ያቤጽ ነው።

«ሃያ ሁለት ጨዋታ፣ ሠላሳ ስምንት ነጥብ፤ እሱም በቅጣት ውርወራ» አለ አንድ የኮሚቴ አባል ወረቀቱን እያየ። «ልጁ ጨዋ ነው፤ አልካድንም። ግን ጨዋነት ነጥብ ሆኖ አይቆጠርም።»

«ልጁ ውስጥ ነገር አለ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ አሰልጣኝ ታረቀኝ።

«አለ፣ አለ ይሉናል፤ መቼ ነው የምናየው? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አልጋነሽ ግን አልሳቁም። ፍርድ ላይ ቀልድ የማይወዱ ሴት ናቸው።

«እስቲ ራሱ ይናገር» አሉ። «ልጄ፣ ለምንድን ነው የማትወረውረው? ትፈራለህ?»

ያቤጽ መሬት መሬቱን አየ። አንዲት ቃል ብትወጣው ይድን ነበር። ነገር ግን ታላቁን በሰው ፊት ማሳጣት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው።

«አልፈራም። ጊዜዬ አልደረሰም ብዬ ነው» አለ።

«ወይ ጉድ! ዓመት ሙሉ?» አለ ያ የኮሚቴ አባል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

ልጁ ወደ አንተነህ አላየም። ለአፍታ እንኳ ዞር አላለም፤ አንተነህ ይህን ልብ አለ።

«ያቤጽ ይሰናበት የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ ሰብሳቢዋ።

እጆች ወጡ። ኮሚቴው በሙሉ፣ ከተጫዋቾቹም አብዛኞቹ። አሰልጣኙ አላወጡም። የአምበሉ እጅም አልወጣም።

«አንተስ? ከማን ጋር ነህ?» አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ።

አንተነህ ተነሳ። ሁለት ልጆች አሉት፤ ከኳስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ብቻ መጨመር ፈልጎ ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ» እያለ ነበር ዓመቱን የጨረሰው። አሁን እጁን ቢያወጣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ግን አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

«ልጁ ያልወረወረው እኔ አትወርውር ስላልኩት ነው» አለ። «ጊዜህ ሲደርስ እነግርሃለሁ ብዬው ነበር። አልነገርኩትም።»

ከተጫዋቾቹ አንዱ ሊያግዘው ፈልጎ «ይሄማ የቆየ ደንብ ነው፤ እኛንም አቀብሉ ብለውናል» አለ።

«እኔን ታላላቆቼ በሦስተኛው ወር ወርውር ብለው ለቀውኛል» አለ አንተነህ። «አንተንም እኔ በአራተኛው ወር ለቅቄሃለሁ። እሱን ግን ዓመቱን ሙሉ ያዝኩት።»

«ለምን?» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ ተቆጥተው። «ምን አደረገህ ይሄ ልጅ?»

«ስለሚችል ነዋ!» አለ አንተነህ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ባይችል ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ወርውር እለው ነበር። ይወረውራል፣ ይስታል፣ እናንተም አይታችሁ ታሰናብቱታላችሁ። እኔ ምን አስጨነቀኝ?»

የወጡት እጆች ማንም ሳያዝዝ አንድ በአንድ ወረዱ። አሰልጣኝ ታረቀኝ ፊታቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ። ያቤጽ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ለራሱ ይሁን ለአንተነህ አላውቅም። ኮሚቴው በዚያው ዕለት ልጁን አስቀረ፣ አምበሉን አሰናበተ። አንተነህ ውሳኔውን ቆሞ ሰማና «ትክክል ነው» ብሎ ተቀመጠ።

«ታዲያ ልጁ ትልቅ ተጫዋች ወጣው?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። ትልቅ ሆነ ብላችሁ «እንግዲያማ መቆየቱ ተገቢ ነበር»፣ ሳይሆን ቀረ ብላችሁ «ታዲያ ምን ይሁን» እንድትሉ አልፈልግም። ሠላሳ ስምንቱ ነጥብ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ ያ ቁጥር የልጁ አቅም ልክ ነው መባሉ ነው። አፉን ይዘን ዲዳ ነው እንላለን፤ እግሩን አስረን አይራመድም እንላለን። ከዚያም ተሰብስበን እንገመግመዋለን።

ወገኖቼ፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ በቤተሰቡም፣ በዕድሩም ዝም ብሎ የሚያቀብል ሰው አይጠፋም። በእሱ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ማን ዝም እንዳሰኘው እንጠይቅ። የሰውን ችሎታ አስቀድሞ የሚያውቀው የሚወደው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚፈራውም ያውቃል። ብዙ ጊዜም ከወዳጁ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ግን አይናገርም።

እስቲ እኔም ልጠይቃችሁ፣ ራሴንም ልጠይቅ። «አይችልም» ብለን እጃችንን ያወጣንበት ያ ሰው፣ እጃችንን ያወጣነው እንደማይችል አውቀን ነው? ወይስ እንደሚችል አውቀን?