ትርንጎና የተቆለፈበት ማኅተም

ተረት ላወራላችሁ ነው። ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም፤ አንድ ማኅተም ግን አለበት።

ትርንጎ የምትባል የብየዳ ተማሪ ነበረች። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ታሳድጋታለች። ትርንጎ በሙያ ኮሌጁ አንደኛ ዓመትን በዱቤ ጨርሳ ሁለተኛውን ልትጀምር መጣች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መመዝገብ። መዝጋቢዋ መዝገቡን ገልጣ አየችና «የአምና ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር አለብሽ። ዕዳሽ ካልተሰረዘ አልመዘግብም» አለች። ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ቀኑም ዓርብ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዕዳውን ግን ማንም አይቀማውም፣ የራሱ ነው።

ትርንጎ ሂሳብ ሹሙ ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ ዕዳዬን ይሰርዙልኝ። መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን መጨረስ እፈልጋለሁ።» ሂሳብ ሹሙ ቀና ሳይል «ዕዳ የሚሰረዘው ለደሃ ነው። ደሃ ነሽ ብለው ዲኑ ካልፈረሙ አልሰርዝም» አለ።

ዲኑ ዘንድ ሄደች። «ዶክተር፣ ይፈርሙልኝ። ሂሳብ ሹሙ አልሰርዝም አሉ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን መጨረስ እፈልጋለሁ።» ዲኑ ከላይ እስከ ታች አያት። የጫማዋን ቀዳዳ አይቶታል፤ ቀዳዳው ግን ቁጥርና ቀን የለውም። «ደሃ መሆንሽን እኔ በምን አውቃለሁ? የቀበሌ ማኅተም ከሌለው አልፈርምም» አለ።

ቀበሌ ሄደች። «ጋሼ፣ ያትሙልኝ። ዲኑ አልፈርምም አሉ፤ ሂሳብ ሹሙ አልሰርዝም አሉ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን መጨረስ እፈልጋለሁ።» የቀበሌው ጸሐፊ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጣት፤ ጎረቤቶቿን አስጠርቶም ደብዳቤውን ጻፈላት። «ደብዳቤሽ ተጽፎ አልቋል፣ ሦስት ጎረቤቶችሽም መስክረዋል። ማኅተሙ ግን ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ከትናንት በስቲያ እንደገባ ተሰበረ። ማኅተሙ ካልወጣ አላትምም።»

«ባለሙያ አይጠሩም?»

«ለባለሙያ ክፍያ የሚፈቀደው በማኅተም ነው» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

ትርንጎ እንግዲህ ከቁምሳጥኑ ጋር መነጋገር ጀመረች፤ እኔ አልፈርድባትም። «ቁምሳጥን ሆይ፣ ተከፈት። ጸሐፊው አላትምም አሉ፤ ዲኑ አልፈርምም አሉ፤ ሂሳብ ሹሙ አልሰርዝም አሉ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን መጨረስ እፈልጋለሁ።» ቁምሳጥኑ ዝም አለ። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ቢያንስ ነገ ተመለሽ አላላትም። ትርንጎ ዞር ብላ ጎኑን ስታይ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲታገል የከረመው ከቁልፉ ጋር ብቻ መሆኑ ገባት። የበሩ ማጠፊያዎች ከውጭ ናቸው። አምና እንዲህ ያለ ቁምሳጥን ሠርታለች፤ መዶሻና ቀጭን መሮ ብታገኝ ማጠፊያውን አውልቃ በሩን ታነሳዋለች።

መዶሻና መሮ ያለው የኮሌጁ ብየዳ ክፍል ነው። ክፍሉ የራሱ አጥርና የራሱ ዘበኛ አለው። በአጥሩ ቀዳዳ የብየዳ መምህሯን ጠራች። «መምህር፣ መዶሻና መሮ ያውሱኝ። ቁምሳጥኑ አልከፈትም አለ፤ ጸሐፊው አላትምም አሉ፤ ዲኑ አልፈርምም አሉ፤ ሂሳብ ሹሙ አልሰርዝም አሉ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን መጨረስ እፈልጋለሁ።» መምህሩ «ላንቺማ ምን ችግር አለ፣ ግን ዕቃ በአጥር አልሰጥም። በበሩ ግቢና ፈርመሽ ውሰጂ» አለ።

በሩ ላይ ጋሽ ቦጋለ የሚባል ዘበኛ ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። «ጋሽ ቦጋለ፣ ያስገቡኝ። መምህሩ በአጥር አልሰጥም አሉ፤ ቁምሳጥኑ አልከፈትም አለ፤ ጸሐፊው አላትምም አሉ፤ ዲኑ አልፈርምም አሉ፤ ሂሳብ ሹሙ አልሰርዝም አሉ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን መጨረስ እፈልጋለሁ።»

«የዘንድሮ መታወቂያ» አለ ጋሽ ቦጋለ።

«መታወቂያ የሚሰጡት መዝጋቢዋ ናቸው።»

«እንግዲያው እሳቸው ጋ ሂጂ።»

ይኸው፣ ዞራ ዞራ ነገሩ ተመልሶ መዝጋቢዋ ጋ ደረሰ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እኔ ብሆን እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ትርንጎም ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋን ስትጠርግ ግን ከብሎኬቱ ጀርባ እግሩ የተሰበረ የብረት በርጩማ አየች።

«ይሄ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። እንዲጠገን ካመለከትኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ወገቤን ጨረሰኝ፣ ልጄ።» ከኋላው ብየዳው ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል።

«ያስገቡኝና በአሥር ደቂቃ ልበይደው። እንግዳስ በምን ይገባል?»

ጋሽ ቦጋለ አሰበ። ያለመታወቂያ ተማሪ እንዳይገባ ጥብቅ ትእዛዝ አለ። ስለ እንግዳ የተባለ ነገር የለም። የእንግዳ መዝገቡን አውጥቶ «የመጣሽበት ጉዳይ?» አለ። «በርጩማ» ብላ ጻፈች።

በርጩማው ተበየደ። መዶሻና መሮው ተፈርሞ ወጣ። ትርንጎ እየሮጠች ቀበሌ ደረሰች፣ ማጠፊያዎቹን አወለቀች፣ በሩን አንስታ ግድግዳ አስደገፈችው። ማኅተሙ አንድ ሙዝ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሙዙ ጠቁሯል። ጸሐፊው ማኅተሙን አነሳ፣ ቀለም አስነካው፣ ከደብዳቤው በላይ አደረሰና ቆመ።

«እዚህ ላይ ‹ገቢም ሙያም የሌላት› ይላል» አለ። «ሙያ እንዳለሽ አሁን በዓይኔ አየሁ። ሐሰት ላይ እንዴት አትማለሁ?»

አሥር ሰዓት አልፏል። ትርንጎን ንዴት ያዛት። «እውነትዎን ነው፣ ሙያ አለኝ» አለች። «ቁምሳጥን የከፈትኩበት ስድስት መቶ ብር ይክፈሉኝና ደብዳቤውን ይቅደዱት።»

«ለዚህ የተያዘ በጀት የለም።»

«መልሼ እንድገጥመው ሌላ ሦስት መቶ።»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲህ ሠርቼም ገቢ ከሌለኝ፣ ምኔ ነው ሐሰቱ?»

ጸሐፊው በሩ የተነሳለትን ቁምሳጥን አየ፣ ሙዙንም አየ። ‹ሙያም› የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘና አተመ። እንዳይደበዝዝ ደገመው። ትርንጎም በሩን በነፃ መልሳ ገጠመችለት።

ከዚያማ ምን ቀረ? ጸሐፊው ስላተመ ዲኑ ፈረመ፤ ዲኑ ስለፈረመ ሂሳብ ሹሙ ሰረዘ፤ ሂሳብ ሹሙ ስለሰረዘ መዝጋቢዋ መዘገበች። አሥራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ትርንጎ መታወቂያዋን ተቀበለች፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።

መዶሻና መሮውን ልትመልስ ወደ ብየዳ ክፍሉ ሄደች። ጋሽ ቦጋለ በተበየደው በርጩማ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«መታወቂያ» አለ።

ሰጠችው። ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጦ አነበበና፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መለሰላት። «ግቢ ልጄ» አለ። «አሁን እንግዳ አይደለሽም።»

ተረቴን መልሱልኝ አልልም። ለመመለስም ማኅተም ይጠይቋችኋል።