ሚናስ የቆረጠው ኮፈን

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አቶ ዘውገ የሚባሉ አንድ አባት ነበሩ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ፣ ንግግራቸው አጭር ሰው። እኚህ ሰው አንዲት መኪና ነበረቻቸው። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ የስፖርት መኪና። በወጣትነታቸው ገዝተዋት አብረዋት ያረጁ።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ለምን? እንዳለች ስለነበረች። መብራቷ የድሮው መብራት፣ መሪዋ የድሮው መሪ፣ ቀለሟ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም። ሰው መጥቶ "ወንበሯን ላድስልዎ" ቢላቸው፣ "እንደተሠራች ትኑር" ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ያጥቧታል። ሌላ እጅ አይነካትም። የልጃቸው እጅ እንኳ ቢሆን።

አዎ፣ ልጅ ነበራቸው። አንድ ልጅ። ሚናስ ይባላል።

ሚናስ ትምህርት አልሆነለትም። አባቱ መሐንዲስ እንዲሆን ሲመኙ፣ እሱ ደብተሩን ጥሎ ጋራዥ ገባ። አባት ተቆጡ። ተቆጥተውም አንድ ቃል ተናገሩ፦ "ካንተ እጅ ደህና ነገር አይወጣም!"

ቃል ከአፍ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ልጁ ግን ያንን ቃል ተሸክሞ ጅቡቲ ተሻገረ። ለዓመታት ቀረ። እዚያ ላሜራ መቀጥቀጥ፣ መበየድ፣ መኪና መቀባት ተማረ፤ በስተመጨረሻም ተመለሰ። አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ጀመሩ። ግን ምን ዓይነት ኑሮ? "እንደምን አደሩ አባባ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" በቃ። ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው። እናቲቱ እትዬ ስንዱ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆነው ኖሩ።

ወገኖቼ፣ ከአንድ ትሪ እየበላችሁ እንዲህ የምትኖሩ የላችሁም?

ታዲያ አንድ ቀን አባት ወደ ሐረር ሲወጡ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናዋ ፈላችባቸው። ከሞተሩ ክዳን፣ ከኮፈኑ ሥር፣ እንፋሎቱ ቦለል አለ። እንደምንም አብርደው ቤት ተመለሱና ለባለቤታቸው፣ "አርጅታለች መሰለኝ ስንዱ፤ እሷም እንደ እኔ ትንፋሽ አጠራት" አሏቸው። ሚናስ ጓዳ ሆኖ ሰማ።

በሳምንቱ አባት የታመሙ እህታቸውን ሊያስታምሙ በሚኒባስ ሐረር ሄዱ፤ እዚያው ሰነበቱ።

ልጁ ምን አደረገ? ኮፈኑን ፈታ። መቁረጫውን አነሳ። ያንን ዕድሜ ልኩን ያልተነካ ኮፈን ሁለት ቦታ ቆረጠው! እናቱ የመቁረጫውን ጩኸት ሰምተው እየሮጡ ወጡ።

"ሚናስ! አብደሃል? አባትህ በቁሙ ይሞታል!"

"ሞተሩ ታፍኖ ነው እማዬ። የአየር ማስገቢያ እሠራላታለሁ።"

"እሱ ጠየቀህ?"

ሚናስ መቁረጫውን አጠፋ። "አልጠየቁኝም" አለ። "ግን ለአባባ ምን ልስጣቸው? ልብስ ባመጣ አይለብሱልኝም። ብር ብሰጣቸው አይቀበሉኝም። ያለኝ ይሄ እጄ ነው።"

እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሚናስ ላሜራውን አጎበጠ፣ በየደ፣ በስቱኮ አለሰለሰ፣ ቀባ። ኮፈኑ ላይ አፋቸውን ወደፊት የከፈቱ ሁለት ጉብታዎች ተቀመጡ፤ መኪናዋ ስትሄድ ንፋሱ በእነሱ ገብቶ ሞተሩን እንዲያቀዘቅዝ። ብዙ ለፋ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ የግራው ጉብታ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሏል። አዲሱ ቀይ ቀለምም ከድሮው ቀይ ጋር አልገጠመም።

አባት ከሐረር ተመለሱ። በሩን ከፍተው ገቡ። መኪናዋን አዩ። ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

እስቲ በእሳቸው ቦታ ቁሙ። ስትሳሱለት የኖራችሁት ነገር ተቆርጦ ብታገኙት ምን ትላላችሁ?

ያ የድሮ ቃል መጥቶ ምላሳቸው ላይ ተቀመጠ። "አላልኩም?" ሊሉ ነው። ቀና ብለው ልጁን አዩት። ሚናስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጺሙን ያወጣ ትልቅ ሰው ነው፤ አቋቋሙ ግን ውጤቱን ይዞ ከትምህርት ቤት የመጣ ሕፃን አቋቋም ነው። እጁን አዩት። የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው፣ አውራ ጣቱ በጨርቅ የታሰረ እጅ። ከጅቡቲ ከመጣ ጀምሮ ያንን እጅ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለው አይተውት አያውቁም። "ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?" አሉ በልባቸው።

ቃሉን ዋጡት።

"አየር ያስገባል?" አሉ።

"ያስገባል አባባ። ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ሞተሩ ላይ እንዳይወርድም መውረጃ አበጅቼለታለሁ።"

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት። "ንዳ። ደንገጎ እንሂድና እንያት።"

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለኝ?"

ሄዱ። ዳገቱን ተያያዙት። አንዱን ጠመዝማዛ አለፉ፣ ሌላውን አለፉ። ሚናስ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ አይነቅልም። እና ምን ሆነ? ዳገቱን አለፈች?

ፈላች! ለካ የደከመው የውሃ ፓምፑ ኖሯል።

ሚናስ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። "በከንቱ ቆረጥኩብዎ አባባ።"

አባት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቀስ እያለ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚናስ የሚያለቅሱ መስሎት ደንግጦ ቀና ሲል፣ እየሳቁ ነው። ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

እስክትበርድ ድረስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ጅቡቲ እንዴት ነበረች?" አሉ አባት። ከተመለሰ ወዲህ ጠይቀውት አያውቁም ነበር። ሚናስ የወደቡን ሙቀት፣ ሙያውን ያስተማረውን የመናዊ ሽማግሌ፣ ታሞ ያለ ጠያቂ የተኛበትን ክፍል ነገራቸው። እዚህ ላይ ሲደርስ አባት አቋረጡት።

"ያኔ ያልኩህን ቃል ታስታውሳለህ?"

"አዎ አባባ።"

"እኔም አልረሳሁትም። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ሚናስ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። ያንን የተቃጠለ እጁን አንስተው ሳሙት።

በኋላ ፓምፑ ተቀየረ፤ መኪናዋ ዳነች። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ "አቦ፣ ዘውገ! ማን ነው እንዲህ ያበላሸብህ? የጥንቱን ዓይነት ኮፈን አዲስ አበባ አፈላልግልሃለሁ" አላቸው።

"ማንም አላበላሸብኝም" አሉት አቶ ዘውገ። "ልጄ ነው የሠራልኝ። አታምርም?"

ወገኖቼ፣ እኛስ ለእግዚአብሔር የምናመጣለት ምንድን ነው? ጸሎት እንጀምራለን፤ መሃል ላይ ሐሳባችን ገበያ ይወጣል። ሰው እንረዳለን፤ ከዚያ ስማችን እንዲጠራ እንፈልጋለን። እሱ የፈጠረውን እንቆርጥና "አሳመርንልህ" እንለዋለን። እሱ ግን አልጣለንም። ዛሬም ወደ ቤቱ አስገብቶናል። የሚያየው ሥራችን መግጠሙን ይመስላችኋል? ለማን ብለን እንደለፋን ያያል።

እንግዲህ እግዚአብሔር እንዲህ ከተቀበላችሁ፣ እናንተስ የሰውን ስጦታ እንዴት ነው የምትቀበሉት? ሊያግዝሽ ብሎ ብርጭቆ የሰበረውን ልጅሽን ምን አልሽው? ባለቤትህ ተጨንቃ የመረጠችልህን ሸሚዝ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብለህ አልወረወርከውም? አንዳንዶቻችሁ፣ ልጆቻችሁ ስልክ መደወል ያቆሙት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ሰው የተንጋደደ ነገር ይዞ ይጠብቃችሁ ይሆናል። ምላሳችሁ ላይ የሚመጣውን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እሱም ያውቀዋል። ዋጡት። ሲዋጥ ያማል፤ እንደ አጥንት ይወጋል። እናንተ ግን ዋጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። "እስቲ ንገረኝ" በሉት።