ሳይነካ የተበላ አደራ

አንድ ሰው ነበር፤ ገበሬ ነው። ወንድሙ ሲያጣጥር አስጠራውና ሁለት የእርሻ በሬዎቹን የሸጠበትን ስምንት ሺህ ብር በእጁ አስጨበጠው። «አደራ! ልጄ አንጓች ስታድግ በዚህ ሁለት በሬ ግዛላት። ባለ በሬ መሬቷን እያረሰ የእህሉን እኩሌታ አይውሰድባት» አለው። በሬ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ብር ግን አይሞትም ብሎ ነው የሸጣቸው። ይህን ተናግሮ ሞተ።

አደራ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። አደራ የተቀበለ ሰው አይነግድበትም፤ ቢርበውም አይነካውም። ይህም ሰው ብሩን በጨርቅ ቋጥሮ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ሚስቱ ስትታመም በጎቹን ሸጠ እንጂ እሱን አልነካም። ጎረቤቱ «ኧረ ጊደር ግዛበትና ትውለድላት» ቢለው «ብትሞትስ? የሙት አደራ እኮ ነው!» ብሎ ተቆጣ። የብር ኖቱ ሲቀየር እንኳ ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዶ ለወጠና አዲሱን መልሶ ቋጠረው።

ዐሥራ ስድስት ዓመት! ከእናንተ መካከል ዐሥራ ስድስት ቀን የሚታገሥ አለ? ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

አንጓች አደገች። ሽማግሌዎች ባሉበት ቋጠሮውን ፈታላት፤ አንድ ብር አልጎደለም። እልል ተባለ። በማግስቱ አጎቷ ይዟት ገበያ ወጣ።

«በሬው ስንት ነው?» አለ።

«ሰባ ሺህ።»

«ጥንዱ?»

«ኧረ የአንዱ ነው አባቴ! ምን ነካዎት?»

በስምንት ሺህ ብር የገዙት አንድ ጠቦት ነው። ሲመለሱ ልጅቷ መንገድ ላይ ቆመች። «አጎቴ፣ የቀረውን ምን አደረጉት?»

«በአባትሽ አጥንት! አንድ ብር አልነካሁም።»

«ታዲያ የአባቴን በሬዎች ማን በላቸው?»

መንደሩ «አደራ በላ» አለው። መሬቷን ባለ በሬ ያርሰዋል፤ እኩሌታውን ዛሬም ይወስድባታል። ሰውየው እኔ ዘንድ መጥቶ «አባ፣ በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም?» ብሎ አለቀሰ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ማን በላው? መንግሥት ሲቸግረው ብር የሚያትመውን ባንክ «አትም» ይለዋል፤ ይታተማል። በሬው አልተዋለደ፣ ጤፉ አልጨመረ፤ ወረቀቱ ብቻ በዛ። ወተት ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው። ሣጥኑን ማንም ሳይከፍተው ሁለት በሬ ወጣ። ይህን ሌባ ማን ይከሰዋል? የቱ ዳኛ ፊት?

አሃ! ባንኩን ስወቅስ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አየሁ። ደስ አላችሁ አይደል? ቆዩ።

የቤት ሠራተኛችሁን ደመወዝ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ብላችሁ የያዛችሁ የላችሁም? አምስት ዓመት ሙሉ? አንድ ብር አላጎደልንም ትሉኛላችሁ። አላጎደላችሁም! ግን ያን ጊዜ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ የሚገዛው ገንዘብ ዛሬ ስንቱን ይገዛል? እናንተ በዚያ ብር ስትነግዱ፣ ዕቃ ስታስገቡ፣ ቤት ስትሠሩ፣ ለእሷ ቁጥሩን ብቻ አስቀመጣችሁላት። ፈጣሪ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ይመስላችኋል?

ሂዱና ዛሬውኑ ስጧት። የቀለጠውንም ከኪሳችሁ ሞልታችሁ ስጧት። ክረምቱ እየገባ ነው፤ እናቷ አሁንም የሚያፈስ ቤት ውስጥ ናት።