ሁለት ሳንቃ ለቢያድግልኝ

የሰማችሁት ዝም በሉ፣ ያልሰማችሁትም ዝም ብላችሁ ስሙ። ይህ ነገር አንዱ አንዱን እየጎተተ የሚሄድ ነው፤ መሀል ላይ ያቋረጠኝ ሰው ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል።

ከወንዝ ወዲህ ቢያድግልኝ የሚባል ሳንቃ ሰንጣቂ ነበረ። በአገሩ ያለው በር ሁሉ፣ አልጋ ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝጊያ ሳይቀር ከእሱ መጋዝ የወጣ ነው። የራሱ ቤት ግን አልጋ አልነበረውም። "ለእኛም ሁለት ሳንቃ እናስቀራለን" ሲል ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሳንቃው በደረሰ ቁጥር አንዱ ልጅ ሊድር ይመጣል፣ አንዱ በሩ ተሰብሮበት ይመጣል፣ አንዱ ሰው ሞቶበት ይመጣል። ቢያድግልኝ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅም። ከአፉ የማትወጣ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷን ኋላ ትሰሟታላችሁ።

ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎኑ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፋ ተኝታለች፤ አንድም ቀን አላማረረችም። ዘንድሮ ግን ቢያድግልኝ ሳንባውን ታመመ። ክረምቱ ገባ፣ ወለሉ ረጠበ፣ ብርዱ ከመሬት እየተነሳ በጀርባው ይገባ ጀመር። ጎረቤት አልጋ ላውስህ ቢለው፣ "በሰው አልጋ አልሞትም" አለ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሚስቱን ጠራት።

"እንጉዳይ፣ ያ ዋንዛ ጓሮ ወድቆ የለም? ሁለት ሳንቃ ባገኝ፣ ከመሬት ከፍ ብዬ ብተኛ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ይኸው ነው ምኞቱ። ለአገር ሁሉ ሳንቃ ያደለ ሰው ሁለት ሳንቃ አማረው።

እንጉዳይ ወደ ጓሮ ወጣች። ዋንዛውን ንፋስ ከጣለው ዓመት አልፎታል፤ ደርቆ ተጋድሟል።

"ዋንዛዬ፣ ሁለት ሳንቃ ስጠኝ። ባሌ ከመሬት አልተነሳም" አለችው።

"እኔ ምን ገዶኝ!" አለ ግንዱ። "ግን መጋዝ ካልሰነጠቀኝ ሳንቃ አልሰጥም።"

እንጉዳይ የሞተር መጋዙን ከቆጥ አወረደች። የሰንጣቂ ሚስት ናት፣ ማንም አላስተማራትም፣ አይታ ታውቃለች። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በልኩ ቀላቀለች፤ ያለ ዘይት ሞተሩ ይቃጠላል። የአየር ማጣሪያውን ከሰጋቱራ አራገፈች። ሰንሰለቱ እንዳይላላም እንዳይከርርም በጣቷ ሳብ አድርጋ አየችው። ከዚያ ገመዱን ጎተተች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። መጋዙ አስነጠሰና ተነሳ። ግንዱ ላይ ብታሳርፈው ግን ጢስና ዱቄት ተፋ። የተሳለ መጋዝ ፍቅፋቂ ነው የሚተፋው፤ ዱቄት የተፋ መጋዝ ደንዟል።

"አልዋሽሽም፣ አብልተሽኛል፣ አጠጥተሽኛል" አለ መጋዙ። "ግን ሰንሰለቴ ካልነከሰ አልሰነጥቅም።"

እንጉዳይ ወደ ሰንሰለቱ ጎንበስ አለች። "ሰንሰለት ሆይ፣ ንከስልኝ። መጋዝ ግንዱን አልሰነጥቅ አለ፣ ግንድ ሳንቃ አልሰጥ አለ፣ ባሌ ከመሬት አልተነሳም።"

"ደንዝዣለሁ" አለ ሰንሰለቱ። "ከከተማ አዲስ ብታስመጪም አይረዳሽም። የሚሸጡት ጥርሱ ለመቁረጥ የተሳለውን ነው፤ እሱ ግንድ ያቋርጣል እንጂ በቁመቱ ሳንቃ አያወጣም። ክቡ ሞረድ መጥቶ ጥርሴን ለመሰንጠቅ እንዲሆን ካልሳለኝ አልነክስም።"

እዚህ ላይ እንጉዳይ ቀና ብላ ወደ ወንዙ ማዶ አየች። ክቡ ሞረድ የት እንዳለ ታውቃለችና።

ቢያድግልኝ ድሮ ብቻውን አልነበረም። ከወንዝ ማዶ ያረጋል የሚባል የሥራ ጓደኛ ነበረው፤ ቢያድግልኝ ይሰነጥቃል፣ ያረጋል ይሞርዳል። የሰንጣቂዎች ወግ ደግሞ አንዲት ናት። የሰው ዛፍ ከመሰንጠቅ በፊት ባለቤቱን "ይህ ዛፍ ብረት በልቷል?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ቀፎ ሊሰቅል ምስማር ይመታል፣ ዛፉ ያድጋል፣ ምስማሩን ይውጣል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ ዝናብ ሳይመጣ ልጨርስ ብሎ ቸኩሎ፣ ቢያድግልኝ ሳይጠይቅ ሰነጠቀ። መጋዙ ምስማር አገኘ። ሰንሰለቱ ተበጠሰና የያረጋልን ሁለት ጣት ይዞ ሄደ። ቢያድግልኝ ደሙን አይቶ ደነገጠ፤ ደንግጦም፣ "እጅህን እዚያ አድርግ ማን አለህ?" አለው። ያረጋል ክቡን ሞረድ በደህናው እጁ አነሳና ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

እንጉዳይ ነጠላዋን አጣፍታ ወንዙን ተሻገረች። ሞረዱ ከያረጋል በር ራስጌ ተሰክቷል።

"ሞረድ ሆይ፣ ሳልልኝ። ሰንሰለት አልነክስ አለ፣ መጋዝ ግንዱን አልሰነጥቅ አለ፣ ግንድ ሳንቃ አልሰጥ አለ፣ ባሌ ከመሬት አልተነሳም።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞረዱም ለካ እንዲሁ ኖሯል። "ከያረጋል እጅ ሌላ እጅ አላውቅም" አላት። "ያረጋል ካልያዘኝ አልስልም።"

ያረጋል ደጁ ላይ የመጥረቢያ እጀታ ይጠርባል፤ በሦስት ጣት ይዞ ነው። ሲያያት ተነሳና በርጩማውን ለቀቀላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"ያረጋል ወንድሜ፣ ሞረዱን ያዝልኝ። ሞረድ ሰንሰለቱን አልስል አለ፣ ሰንሰለት አልነክስ አለ፣ መጋዝ ግንዱን አልሰነጥቅ አለ፣ ግንድ ሳንቃ አልሰጥ አለ፣ ባሌ ከመሬት አልተነሳም።"

"እትዬ እንጉዳይ፣ አንቺ ምን በደልሽኝ?" አለ ያረጋል። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጣቴ አይደለም ያመመኝ፤ ጣት በሥራ ላይ ይሄዳል። ያመመኝ ያ ንግግሩ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ካልመጣ፣ ሞረድ አልይዝም።"

እንጉዳይ ወንዝ ወረደች። ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ አንገቷ ላይ ልትጭን ስትል ድንጋዩ ከእጇ ሾለከ።

"ድንጋይ ሆይ፣ ውጣልኝ። ያረጋል ሞረዱን አልይዝ አለ፣ ሞረድ ሰንሰለቱን አልስል አለ፣ ሰንሰለት አልነክስ አለ፣ መጋዝ ግንዱን አልሰነጥቅ አለ፣ ግንድ ሳንቃ አልሰጥ አለ፣ ባሌ ከመሬት አልተነሳም።"

"እኔ የዕርቅ ድንጋይ ነኝ" አለ ድንጋዩ። "ያንቺ አንገት ምን አጠፋ? የበደለው ካልተሸከመኝ ያረጋል ደጅ አልደርስም።"

እንግዲህ ወደ ቤት ነው። ልብሷ ረጥቧል፣ ቀኑ ተጋምሷል፣ ቢያድግልኝ ቁርበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ተንበረከከች።

"ቢያድግልኝ፣ ድንጋዩን ተሸከምልኝ። ድንጋይ ያረጋል ደጅ አልደርስ አለ፣ ያረጋል ሞረዱን አልይዝ አለ፣ ሞረድ ሰንሰለቱን አልስል አለ፣ ሰንሰለት አልነክስ አለ፣ መጋዝ ግንዱን አልሰነጥቅ አለ፣ ግንድ ሳንቃ አልሰጥ አለ፣ አንተም ከመሬት አልተነሳህም።"

ቢያድግልኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሳንቃ ካላነሳኝ ከመሬት አልነሳም" አለ። "ከመሬት ያልተነሳ ሰው ድንጋይ እንዴት ይሸከማል?"

አያችሁት? ሳንቃ ፈልጋ ሄዳ፣ ሄዳ፣ ሄዳ፣ ሳንቃ ላይ መጣች። ነገሩ ክብ ሆኖ ተዘጋ፤ መግቢያም መውጫም የለው። አሁን የሚጠየቅ ዕቃ አልቀረም፣ የሚሻገሩት ወንዝ አልቀረም። እንጉዳይ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሠላሳ ዓመት ያላማረረችውን በሙሉ ያን ቀን አለቀሰችው።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችው፣ "ስንቱን ግንድ ተሸክመህ አንዲት ቃል ከበደችህ?"

ቢያድግልኝን ሳል ያዘው። ከዚያ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ተናገረ።

"ሳልጠይቅ ነው የሰነጠቅኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ያረጋልም ያውቃል?"

"አገር ያውቃል።"

"እንግዲያ ስድስት ዓመት ከማን ደበቅኩት?" አለና ፊቱን መለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። "እግሬ አይሄድልኝም፣ እንጉዳይ። አዝይኝ።"

አዘለችው። ግንድ የሚገለብጥ የነበረ ሰው ቀሎ የልጅ ያህል ሆኗል፤ ያ መቅለሉ ከክብደት ይልቅ ጎዳት። ወንዙ ዳር ስትደርስ ጎንበስ አለች። እሱ እጁን ሰድዶ ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳ፣ አንገቱ ላይ አደረገው። ድንጋዩም አልሾለከም። ድንጋዩን እሱ ተሸከመ፣ እሱን እሷ ተሸከመች። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም፤ ዳር ይዘው ቆሙላቸው።

ያረጋል ከሩቅ አያቸው። መጀመሪያ እንጉዳይ እንጨት ተሸክማ የምትመጣ መስሎት ነበር። ሲቀርቡ መጥረቢያውን ጣለ።

"ያረጋል፣" አለ ቢያድግልኝ፣ ከሚስቱ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ "ብረት በልቷል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ከጣትህም ይልቅ ያ ንግግሬ የባሰ ነበር። ይቅር በለኝ።"

ያረጋል ሮጦ ድንጋዩን አነሳለት፤ በሦስት ጣቱ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። "አያ ቢያድግልኝ፣ እንዲህ ሆነሃል እንዴ? ምነው ቀድሜ በመጣሁ! ምነው እኔ በመጣሁ!" ብሎ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

ከዚህ በኋላማ ምን ይይዘዋል! ድንጋይ ከአንገት ወረደ፣ ያረጋል ሞረዱን ያዘ፣ ወንዙን ወዲህ ተሻገሩ፣ ሞረድ ሰንሰለቱን ሳለ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ሳይዘል፣ ሁሉንም እኩል፣ ወደ ፊት ብቻ እየገፋ። ያረጋል ግንዱ ላይ ከመቆሙ በፊት፣ "እትዬ እንጉዳይ፣ ይህ ዛፍ ብረት በልቷል?" አለ። "አልበላም" አለችው። ሰንሰለት ነከሰ፣ መጋዝ ግንዱን ሰነጠቀ፣ ፍቅፋቂው እንደ ዝናብ ወረደ፣ ግንድ ሳንቃ ሰጠ፤ ቢያድግልኝም ከመሬት ተነሳ።

ያረጋል ሁለት ሳንቃ ተጠይቆ አራት አወጣ። አልጋው ሰፊ ሆነ፣ ለባልም ለሚስትም ይበቃል። ቢያድግልኝን አንስተው ሲያስተኙት በመዳፉ ሳንቃውን ዳር እስከ ዳር ዳበሰ፤ የሰንጣቂ ነገር፣ ቀጥ ማለቱን እያየ ነው።

"ቀጥ ብሏል" አለ። ቀጥሎም፣ "ሞቀኝ" አለ።

ሁለት ቀን ሞቀው። ሁለቱንም ቀን ያረጋል ከአጠገቡ አልጠፋም፤ የስድስት ዓመት ወሬ ነበራቸው፣ አላለቀላቸውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢያድግልኝ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ያረጋል ደረቱን እየመታ፣ "ስድስት ዓመት ተኳርፈን ሁለት ቀን ታረቅን! ሁለት ቀን!" ይል ነበር። ሰዎች ሊያጽናኑት ሞከሩ፤ ግን ምን ይባላል? እውነቱን ነው።

እንጉዳይ ከአርባው በኋላ ወደ አልጋው ወጣች። እስከዚያ መሬት ላይ፣ የለመደችው ቁርበት ላይ ነበር የምትተኛው። ጎረቤቶች ጠዋት ጠዋት፣ "እንዴት አደርሽ? ብርዱስ?" ይሏታል። ሳንቃው ደህና እንደሆነ፣ ወገቧን እንደማይበርዳት ትነግራቸዋለች። የሚበርዳት ጎኗ ነው።